አንድ ፕሮግራም ከጥሬ ኤስዲኤል2 ወደ ሲ++ መጠቅለያ ሲሻገር፦ ቢልዱ፣ የኦብጀክቶች ዕድሜ እና የተገለጡት ስህተቶች (የጉዳይ ጥናት)

ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፤ የሚነካው ነገር ግን ብዙ ነው። 1280 በ720 የሆነ መስኮት ይከፍታል፣ ምስሎችን እየቀያየረ ያሳያል፣ ከጀርባ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ቁልፍ ሲነካ ከ12 አጫጭር ድምፆች አንዱን ያሰማል፣ ከታች በኩል በሁለት መጠን መግለጫ ጽሑፍ ያወጣል። በአንዱ ጥግ ደግሞ በየፍሬሙ የሚቀየር የቪዲዮ ምስል አለ። የተጻፈው በሲ ቋንቋ፣ በቀጥታ በኤስዲኤል2 (መስኮት፣ ስዕልና ድምፅ በሚያስተናግድ ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ በሚገኝ የኮድ ስብስብ) ላይ ነበር፤ ለምስል፣ ለድምፅ እና ለጽሑፍ ሦስቱን አጋር ላይብረሪዎች ማለትም ኤስዲኤል2 ኢሜጅን፣ ኤስዲኤል2 ሚክሰርን እና ኤስዲኤል2 ቲቲኤፍን ይጠቀማል።

ይሠራ ነበር። ችግሩ ያለው አንድ ነገር ሳይሳካ ሲቀር ነው። በሲ በይነገጽ እያንዳንዱ የሚከፈት ነገር የራሱ መዝጊያ ፋንክሽን አለው። መስኮት ተከፍቶ፣ ሬንደረር (በመስኮቱ ላይ የሚስለው ክፍል) ተፈጥሮ፣ ድምፅ ተከፍቶ ፎንቱ አልገኝ ቢል እስከዚያ የተከፈተው ሁሉ በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል መዘጋት አለበት። ይህንን የሚያደርገው ኮድ በአምስት ቦታ ተገልብጦ ነበር፤ ከአምስቱ በሁለቱ አንድ አንድ መስመር ጎድሎታል። የድምፅ ማጫወቻ ፋንክሽኖች የሚመልሱትን ዋጋ ደግሞ የሚመለከት ኮድ አልነበረም። ፕሮግራሙን በሲ++ መጠቅለያ (የሲውን ፋንክሽኖች በሲ++ ክላሶች በሚሸፍን ላይብረሪ) ላይ ለማስቀመጥ የተወሰነው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው፤ የተመረጠውም ሊብኤስዲኤል2ፒፒ ነው።

መጠቅለያው የሚሰጠው እና የማይሰጠው

ኤስዲኤልን ሳም ላንቲንጋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ የ2.0 ትውልድ የመጀመሪያው የተረጋጋ እትም የወጣው በ2013 ነው። በይነገጹ ንጹሕ ሲ በመሆኑ በየቋንቋው ብዙ መጠቅለያ ተሠርቶለታል። ሊብኤስዲኤል2ፒፒ ከእነዚህ ውስጥ ስስ ከሚባሉት ነው። የራሱ የጨዋታ ሞተር የለውም፣ ኤስዲኤል የማይችለውን ነገር አይጨምርም፣ የፋንክሽኖቹን ስያሜም ከሞላ ጎደል እንዳለ ይዞታል። ይህ ስስነት ትልቅ ጥቅም ነው፦ የኤስዲኤልን ማብራሪያ የሚያውቅ ሰው መጠቅለያውን በግማሽ ቀን ይለምደዋል።

የሚሰጠው ዋና ነገር ባለቤትነት ነው። መስኮት፣ ሬንደረር፣ ቴክስቸር (ሬንደረሩ የሚስለው ምስል)፣ ሰርፌስ (በተራ ሜሞሪ ያለ ምስል)፣ ፎንት፣ ቻንክ (አጭር ድምፅ)፣ ሙዚቃ እያንዳንዳቸው ክላስ ናቸው። ኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ) ይከፍታል፣ ዲስትራክተሩ (ሲጠፋ የሚሠራው ኮድ) ይዘጋል። ኮፒ ማድረግ የተከለከለ ነው፤ ባለቤትነቱን ወደ ሌላ ኦብጀክት ማዛወር ግን ይቻላል። ስለዚህ አንድ ቴክስቸር ሁለት ጊዜ የሚዘጋበት መንገድ ገና በኮምፓይል ሰዓት ይዘጋል።

ሁለተኛው ስህተትን የሚይዝበት መንገድ ነው። ፋንክሽኑ አሉታዊ ቁጥር ወይም ባዶ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ሲመልስ መጠቅለያው ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የሚይዘው ኮድ ካላገኘ ፕሮግራሙን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት፣ ይወረውራል። በኤክሴፕሽኑ ውስጥ የከሸፈው የኤስዲኤል ፋንክሽን ስም እና ኤስዲኤል ራሱ ያስቀመጠው የስህተት ጽሑፍ አብረው ይገኛሉ።

ሦስተኛው የአጻጻፍ ምቾት ነው። ነጥብና አራት ማዕዘን መደመርና መቀነስ የሚችሉ ክላሶች ሆነዋል፤ በሲ ባዶ ፖይንተር ይሰጥበት የነበረው ቦታ «ዋጋ የለም» የሚል አማራጭ ዓይነት ተቀብሏል፤ የሬንደረር ትእዛዞች ራሱን ሬንደረሩን ስለሚመልሱ ቀለም መምረጥ፣ ማጽዳት፣ መገልበጥ እና ማሳየት በአንድ ሰንሰለት ይጻፋሉ። መጠቅለያው ያልሸፈነው ፋንክሽን ሲያስፈልግ ከእያንዳንዱ ኦብጀክት ጥሬውን ፖይንተር ማውጣት ይቻላል። በዚያ መንገድ የወጣን ፖይንተር ማንም በእጁ መዝጋት የለበትም፤ ባለቤቱ አሁንም ኦብጀክቱ ነው።

ቢልዱ

ለቢልዱ፣ ማለትም ምንጭ ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም ለመቀየር፣ የሚያስፈልገው አጭር ነው፦ ሲ++11ን የሚያውቅ ኮምፓይለር፣ ሲሜክ (ቢልዱን የሚያዋቅር መሣሪያ)፣ ኤስዲኤል2 እና የሚፈለጉት አጋር ላይብረሪዎች። ሦስቱ አጋሮች በነባሪ በርተው ይመጣሉ፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሲሜክ በማዋቀሪያው ደረጃ ይቆማል። የማይፈለገውን አጋር በሲሜክ ምርጫ ማጥፋት ይቻላል። ለምሳሌ ድምፅ የሌለው ፕሮግራም ሚክሰርን ቢያጠፋ በሚክሰር በኩል የሚመጡትን የድምፅ ኮዴኮች (የድምፅ ፋይል አንባቢዎች) ሁሉ ተሸክሞ መዞር አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው መሰናክል ብዙ ሰው የሚገጥመው ነው። በሊነክስ ላይ ኤስዲኤል2 «ተጭኗል»፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም በእሱ ይሠራሉ፤ ሲሜክ ግን አላገኘሁም ይላል። በዴቢያንና በቤተሰቦቹ የሚሮጠው ላይብረሪ እና ለቢልድ የሚያስፈልጉት ሄደር ፋይሎች (የፋንክሽኖቹን መግለጫ የያዙት) በተለያየ ፓኬጅ ነው የሚቀመጡት። መጫን ያለበት በስሙ መጨረሻ ላይ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ያለው ፓኬጅ ነው፤ ለዋናው አንድ፣ ለአጋሮቹ ሦስት፣ በድምሩ አራት። ከተጫኑ በኋላ ሲሜክ የድሮውን ውጤት በማስታወሻው ውስጥ ይዞ ስለሚቆይ የቢልድ ፎልደሩን ማጥፋት እና ከዜሮ ማዋቀር ይበልጣል። ቢልዱ ከምንጭ ኮዱ በተለየ ፎልደር ውስጥ መሠራት ያለበትም ለዚህ ነው፤ ማጽዳት ማለት አንድ ፎልደር መሰረዝ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው መሰናክል የመጣው ከጭነቱ በኋላ ነው። መጠቅለያው ተገንብቶ በአካባቢያዊው የላይብረሪ ፎልደር ተቀመጠ፣ ፕሮግራሙም ያለ ስህተት ሊንክ ሆነ (ከላይብረሪዎቹ ጋር ተገናኘ)፤ ሲነሳ ግን የሚጋራውን ላይብረሪ ማግኘት አልቻልኩም ብሎ ቆመ። ሊንከሩ እና ፕሮግራሙን የሚያስነሳው ጫኚ ፋይል የሚፈልጉበት መንገድ አንድ አይደለም። ጫኚው የሚያየው ቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው፤ አዲስ ላይብረሪ ሲገባ ዝርዝሩን «ኤልዲኮንፊግ» በሚባለው ትእዛዝ ማደስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጊዜ የፈጀው ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተር ላይ፣ ቀደም ብሎ በሌላ ኮምፓይለር የተገነባ የመጠቅለያው ፋይል ነበር። ፕሮግራሙ እዚያ ሊንክ ሲደረግ ጽሑፍ የሚቀበሉ ፋንክሽኖች ብቻ «ያልተገለጸ ማጣቀሻ» እየተባሉ ተዘረዘሩ፤ ቁጥር ብቻ የሚቀበሉት አንዳቸውም አልነበሩም። ፍንጩ ይኸው ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ5.1 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ማለት ነው፣ የሲ++ን መደበኛ ስትሪንግ (ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) ውስጣዊ አሠራር ቀይሯል። ስለዚህ በአሮጌው እና በአዲሱ አሠራር የተገነቡ ሁለት ፋይሎች ስትሪንግ የሚያልፍበትን ፋንክሽን በተለያየ ምልክት ያውቁታል። ጥሬ ኤስዲኤል2 ይህ ችግር የለበትም፤ የሲ በይነገጽ በኮምፓይለሮች መካከል ያለ ጣጣ ይሻገራል። የሲ++ መጠቅለያ ግን ከሚጠቀምበት ፕሮግራም ጋር በአንድ ኮምፓይለር፣ በአንድ የስትሪንግ አሠራር መገንባት አለበት። በዊንዶውስም ደንቡ ያው ነው፦ በሚንጂደብልዩ (በዊንዶውስ ላይ በሚሠራው ጂሲሲ) የተገነባ መጠቅለያ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ከተገነባ ፕሮግራም ጋር አይገናኝም፤ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ውስጥም የዲበግ (ለምርመራ የሚሠራ) እና የሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚወጣ) ቢልድ ሲደባለቁ ስትሪንግ በአንዱ በኩል ተፈጥሮ በሌላው በኩል ሲለቀቅ ሜሞሪ ይበላሻል።

ከዚህ በኋላ አካሄዱ ተለወጠ። መጠቅለያው ለብቻው መጫኑ ቀርቶ የምንጭ ኮዱ በፕሮጀክቱ ውስጥ እንደ አንድ ንዑስ ፎልደር ገባ፤ የፕሮጀክቱ ሲሜክ ፋይልም እንደ ራሱ አካል ይገነባዋል። ኮድ ይበዛል የሚል ሥጋት ሊነሳ ይችላል፤ መጠቅለያው ግን ትንሽ ስለሆነ በቢልድ ጊዜ ላይ የሚጨምረው ብዙ አይደለም። በምላሹ አንድ ኮምፓይለር፣ አንድ የምርጫ ስብስብ፣ አንድ የሲ++ ደረጃ ይሆናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው መሰናክል አብረው ይጠፋሉ። ይህን ያህል ስስ ለሆነ የሲ++ መጠቅለያ ከዚህ የተሻለ አያያዝ የለም። ዋናው ኤስዲኤል2 እና አጋሮቹ ግን ከሲስተሙ ፓኬጅ ቢወሰዱ ይሻላል፤ የደኅንነት ማሻሻያ የሚደርሳቸው በዚያ በኩል ነው።

በስታቲክ (ላይብረሪውን በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ በማካተት) ሊንክ ለሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ፦ የጂኤንዩ ሊንከር ፋይሎችን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ፕሮግራሙ ይቀድማል፣ መጠቅለያው ይከተላል፣ ከዚያ አጋሮቹ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ኤስዲኤል2። ሲገለበጥ ሁሉም ነገር ተጭኖ ሳለ «ያልተገለጸ ማጣቀሻ» ይመጣል።

ሲወጣ የሚወድቅ ፕሮግራም

ኮዱ ተሻግሮ ሠራ። ምስል ታየ፣ ድምፅ ተሰማ። መስኮቱ ሲዘጋ ግን አንዳንዴ በሰላም ይወጣል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። የዚህ ጉዳይ እምብርት ይህ ነው።

ሁሉን የያዘው ክላስ አባላቱን በዚህ ተራ ነበር የዘረዘረው፦

1. የቴክስቸሮች መዝገብ
2. የፎንቶች መዝገብ
3. የኤስዲኤል ማስጀመሪያ
4. የቲቲኤፍ ማስጀመሪያ
5. መስኮት
6. ሬንደረር

ሲ++ የክላስ አባላትን በተዘረዘሩበት ተራ ይፈጥራል፤ ሲያጠፋ ደግሞ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሬንደረሩ ይጠፋል፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ ቲቲኤፍ፣ ከዚያ ኤስዲኤል፤ ፎንቶቹና ቴክስቸሮቹ መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ኤስዲኤል2 ሬንደረርን ሲያጠፋ በእሱ የተፈጠሩትን ቴክስቸሮች ሁሉ አብሮ ይለቃል። በኋላ የቴክስቸሩ ዲስትራክተር ተራው ሲደርስ የሚሰጠው ፖይንተር ወደ ተለቀቀ ሜሞሪ ያመለክታል። ኤስዲኤል በኦብጀክቱ ውስጥ ያለውን መለያ ምልክት ይመለከታል፣ ቴክስቸሩን ሲለቅም ምልክቱን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሜሞሪው ገና ካልተነካ ዝም ብሎ ይመለሳል፤ ሜሞሪው ለሌላ ቴክስቸር ከተሰጠ ወይም ጭራሽ ከተወሰደ ግን ሊወድቅ ይችላል። «አንዳንዴ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ፎንቱ ላይ ደግሞ ይብሳል፦ ቲቲኤፍ ሲዘጋ ሥሩ ያለው ፍሪታይፕ የተባለ የፎንት ላይብረሪ የያዛቸውን የፎንት ፊቶች ሁሉ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ፎንት መዝጋት ሁለት ጊዜ መልቀቅ ነው።

ኮምፓይለሩ ይህን ለምን አልያዘውም? መዝገቦቹ ሲፈጠሩ ባዶ ናቸው፤ ባዶ መዝገብ ደግሞ ሬንደረር አይፈልግም። ቴክስቸሩ በቀጥታ አባል ቢሆን ኖሮ ሲፈጠር ሬንደረር ስለሚጠይቅ ስህተቱ ቶሎ በታየ ነበር። በኋላ የሚሞላ መዝገብ ይህን ጥበቃ ያልፈዋል።

የተስተካከለው ተራ እንዲህ ነው፦

1. የኤስዲኤል ማስጀመሪያ
2. የቲቲኤፍ ማስጀመሪያ
3. የሚክሰር መሣሪያ
4. መስኮት
5. ሬንደረር
6. የፎንቶች መዝገብ
7. የቴክስቸሮች መዝገብ
8. የድምፆች መዝገብና ሙዚቃው

ደንቡ ቀላል ነው፤ ሌላውን የሚፈልግ ኦብጀክት ከሚፈልገው ኦብጀክት በታች ይጻፋል። በሲ ይህ ደንብ በመዝጊያው ኮድ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ ነበር። መጠቅለያው አላጠፋውም፤ ወደ አባላቱ ዝርዝር ነው ያዛወረው። አሁን ሁለት መስመር ማቀያየር ማለት የፕሮግራሙን አወጣጥ መቀየር ነው፤ ስለዚህ ከዝርዝሩ በላይ ይህን የሚናገር የአንድ መስመር ማስታወሻ ተቀምጧል። የጂሲሲ እና የክላንግ ኮምፓይለሮች የቅደም ተከተል ማስጠንቀቂያም በርቷል፤ የሚረዳው ግን በኮንስትራክተሩ ማስጀመሪያ እና በአባላቱ ዝርዝር መካከል ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ዝም ይላል።

ስህተቱ የተገኘው የሜሞሪ አጠቃቀም ስህተትን በሚያጋልጠው መመርመሪያ፣ በአድሬስ ሳኒታይዘር ነው። ፕሮግራሙ በዲበግ መረጃ እና በዚህ መመርመሪያ ዳግም ተገንብቶ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ ሦስት የጥሪ ሰንሰለት ወጣ፦ ሜሞሪው የተነካበት፣ ቀድሞ የተለቀቀበት እና መጀመሪያ የተያዘበት። ሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ የሬንደረሩ ዲስትራክተር በስሙ ተቀምጦ ነበር። መመርመሪያው መጨረሻ ላይ ስላልተለቀቀ ሜሞሪም ይዘረዝራል፤ ከዚያ ውስጥ የግራፊክስ ድራይቨሩ ስም ያለባቸው ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደሉም፣ እነሱን በማሳደድ ጊዜ አይባክን።

ግሎባል ተለዋዋጮችም በዚሁ ምክንያት ወጥተዋል። የድምፆቹ መዝገብ በመጀመሪያ ግሎባል ነበር፤ ግሎባል ኦብጀክት የሚጠፋው ዋናው ፋንክሽን ከተመለሰ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ሚክሰሩ ተዘግቷል። የኤስዲኤል ኦብጀክት ግሎባል መሆን የለበትም፤ በዚህ ላይ ልዩ ሁኔታ መፍቀድ አያዋጣም።

ያለ ስህተት የጠፋ ድምፅ

ከአጫጭር ድምፆች አንዱ፣ የማስጠንቀቂያው ደወል፣ አይሰማም ነበር። ኤክሴፕሽን የለም፣ ፋይሉ ይከፈታል፣ ቻነልም (ድምፁ የሚጫወትበት መስመር) ይሰጠዋል። ኮዱ ሲታይ ቻንኩ በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ተፈጥሮ፣ ተጫውቶ፣ ፋንክሽኑ ያበቃል። ስኮፑ (ኦብጀክቱ የሚኖርበት የኮድ ክልል) ሲዘጋ ዲስትራክተሩ ቻንኩን ይለቃል፤ ሚክሰር ደግሞ የሚለቀቅ ቻንክ በሆነ ቻነል ላይ እየተጫወተ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ቻነል ያቆማል። ደወሉ በተጀመረበት ቅጽበት ይቆም ነበር። በሲው ኮድ ቻንኩን የሚለቅ መስመር ስላልነበረ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ሜሞሪው ግን በየጥሪው ይፈስ ነበር። መጠቅለያው ፍሰቱን ደፈነ፣ ድምፁም አብሮ ጠፋ። መፍትሔው ቻንኩን ከሌሎቹ ጋር በመዝገቡ ውስጥ አንድ ጊዜ መጫን ነው።

ሙዚቃም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። ሙዚቃው እየደበዘዘ በመውጣት ላይ ሳለ ከተለቀቀ ሚክሰር ድብዘዛው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሦስት ሴኮንድ የሚደበዝዝ ሙዚቃን የያዘ ኦብጀክት በዚያ መሀል ቢተካ መስኮቱ እስከ ሦስት ሴኮንድ ይደርቃል። አሮጌውን ሙዚቃ በመዝገቡ ማቆየት እና ድብዘዛው ካለቀ በኋላ መተካት ይህን ያስቀራል።

ዘጠነኛው ድምፅ

ተጠቃሚው ቁልፎችን በፍጥነት ሲመታ ፕሮግራሙ ይዘጋ ጀመር። ሚክሰር ሲከፈት በነባሪ 8 የመቀላቀያ ቻነል ይሰጣል። «ነጻ የሆነውን ቻነል ምረጥ» ተብሎ ሲጠየቅ ነጻ ከሌለ አሉታዊ አንድ ይመልሳል። የሲው ኮድ ይህን አይመለከትም ነበርና ዘጠነኛው ድምፅ ሳይሰማ ይታለፍ ነበር፤ ለተጠቃሚው ምንም አይደለም። መጠቅለያው ያንኑ አሉታዊ አንድ ኤክሴፕሽን አደረገው፤ የያዘው ስለሌለም ፕሮግራሙን ጣለው።

እዚህ ላይ መጠቅለያውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የትኛው ስህተት የሞት ጉዳይ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚታለፍ መጠቅለያው ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው የፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው። ሁለት ነገር ተደረገ። ቻነሎቹ ወደ 24 ከፍ አሉ፤ 12 ድምፅ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ሊሰማ ይችላል ማለት ነው። ድምፅ የሚያጫውተው ትንሽ ፋንክሽን ደግሞ ኤክሴፕሽኑን እዚያው ይይዛል፣ በመዝገብ ፋይል ይጽፋል፣ ያልፋል። ፎንት አለመገኘት፣ ሬንደረር አለመፈጠር ግን እስከ ላይ ድረስ እንዲወጡ ተተዉ።

በዚሁ ዓይነት ሁለተኛ ስህተት ጽሑፉ ላይ ወጣ። መግለጫ የሌለው ምስል ሲመጣ ባዶ ስትሪንግ ወደ ቲቲኤፍ ይሄዳል፤ ኤስዲኤል2 ቲቲኤፍ ስፋቱ ዜሮ የሆነ ጽሑፍን ስህተት ነው ብሎ ባዶ ፖይንተር ይመልሳል። በሲ ምንም ሳይሳል ይታለፋል፣ በመጠቅለያው ኤክሴፕሽን ይሆናል። ባዶ ከሆነ ወደ ሥዕል አለመግባት፣ በቃ። ጽሑፍን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ፦ ቲቲኤፍ ለአንድ ሥራ ሦስት ዓይነት ፋንክሽን አለው፤ አንዱ ጽሑፉን እንደ ላቲን-1፣ ሌላው እንደ ዩቲኤፍ-8፣ ሦስተኛው እንደ ዩሲኤስ-2 ያነበዋል (ሦስቱም ፊደልን በቁጥር የመመዝገቢያ መንገዶች ናቸው)። መጠቅለያውም ሦስቱን እንዳሉ ይዟቸዋል። ስሙ አጭር የሆነው የመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ከላቲን ውጭ የሆነ ፊደል ሁሉ በእሱ ሲያልፍ አንዱ ፊደል ወደ ሁለትና ሦስት ትርጉም የለሽ ምልክት ይበተናል። ሁልጊዜ የዩቲኤፍ-8ቱን መጠቀም ነው።

የድምፅ መዘግየት

ከቁልፉ እስከ ድምፁ ያለው መዘግየት ያስታውቅ ነበር። ሚክሰሩ የተከፈተው በሴኮንድ 44100 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና)፣ በ4096 ሳምፕል በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ) ነው። 4096ን ለ44100 ማካፈል 93 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሰጣል፤ ድምፁ ለመውጣት ቢያንስ የአንድ በፈር ተራ ስለሚጠብቅ ጣት ይሰማዋል። 1024 ሲሆን 23፣ 512 ሲሆን 12 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል። 1024 ተመረጠ። 512 ላይ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ በፈሩ በጊዜ ሳይሞላ ቀርቶ ድምፁ ይሰነጠቃል። ይህ ቁጥር በመጠቅለያው አይለወጥም፤ ኮዱ ሲሻገር ግን የድሮው ዋጋ ሳይታሰብበት አብሮ ይገለበጣልና ዳግም ማየት ይገባል።

ሚክሰርን ትቶ ኤስዲኤል2ን በቀጥታ ለድምፅ ለሚጠቀም ደግሞ ሁለት ነገር አለ። የድምፅ መሣሪያው ሲከፈት ቆሞ ነው የሚከፈተው፤ እንዲሄድ ካልታዘዘ ዝምታ ነው። ድምፁን የሚሞላው ኮልባክ (ኤስዲኤል ራሱ የሚጠራው የፕሮግራሙ ፋንክሽን) የሚጠራው በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄድ የሥራ መስመር)፣ በሲ በተጻፈ ኮድ በኩል ነው፤ ከኮልባኩ ኤክሴፕሽን ማምለጥ የለበትም፣ የሲው ኮድ ሊያሳልፈው አልተሠራም። ሚክሰርም በራሱ ኮልባኮች ውስጥ የራሱን ፋንክሽኖች መጥራትን ይከለክላል፤ ትሬዶቹ ተያይዘው ይቆማሉ።

የቪዲዮው ጥግ

በየፍሬሙ የሚቀየረው ምስል በመጀመሪያ ሰርፌስ ተፈጥሮ፣ ከእሱ አዲስ ቴክስቸር እየተሠራ ነበር የሚሳለው። መጠቅለያው ይህን እጅግ ቀላል አድርጎታል፣ አንድ መስመር ነው፤ ወጪው ግን አልቀነሰም። ሙሉ 1920 በ1080 ምስል በ4 ባይት 8,294,400 ባይት ነው፤ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲሆን ወደ 498 ሚሊዮን ባይት ይጠጋል፣ በዚያ ላይ 60 ጊዜ መፍጠርና ማጥፋት አለ። ትክክለኛው መንገድ አንድ የዥረት ቴክስቸር ፈጥሮ በየፍሬሙ ውስጡን መሙላት ነው። ቪዲዮው በዋይዩቪ (ብሩህነትንና ቀለምን ለይቶ በሚይዝ) ቅርጽ የሚመጣ ከሆነ እንዳለ ቢሰጥ በፒክሴል አንድ ተኩል ባይት፣ ማለትም በፍሬም 3,110,400 ባይት ይበቃል፤ የቀለም ለውጡን የግራፊክስ ካርዱ ሊሠራው ይችላል።

ቴክስቸሩን ለመሙላት መቆለፍ ያስፈልጋል። መጠቅለያው ቁልፉን ኦብጀክት አድርጎታል፤ ኦብጀክቱ ሲጠፋ ቁልፉ ይከፈታል። ስኮፑ እስከ ስዕል ትእዛዙ ድረስ ከተዘረጋ ቴክስቸሩ ገና ተቆልፎ ሳለ ይሳላል፣ የሚታየውም አዲሱ ምስል አይሆንም። መቆለፉንና መሙላቱን በራሳቸው ቅንፍ ውስጥ ማጠር፣ ስዕሉን ከቅንፉ ውጭ መተው ይህን ይፈታል። ሲሞላ ደግሞ እያንዳንዱ ረድፍ ስፋቱ ሲባዛ 4 ነው ብሎ መገመት አይቻልም፤ ድራይቨሩ ረድፉን ሊያረዝመው ይችላል። ቁልፉ የሚሰጠውን የረድፍ ርዝመት ሳይጠቀም የተሞላ ምስል ወደ ጎን እየተንሸራተተ እንደ መሰላል ይታያል። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ትክክል፣ በሌላው ሰያፍ የሆነ ምስል ሲመጣ ሌላ ነገር ከመመርመር በፊት እዚህ ማየት ነው።

በዊንዶውስ

ሁለት ነገር ገጠመ። ኤስዲኤል2 በዊንዶውስ ላይ «ሜይን» የሚለውን ስም በማክሮ ወደ ራሱ ስም ይለውጠዋል፤ እውነተኛው መግቢያ የሚገኘው በ«ኤስዲኤል2ሜይን» ላይብረሪ ውስጥ ነው። ያ ላይብረሪ ካልተገናኘ ሊንከሩ «ዊንሜይን» አልተገኘም ይላል። በሚንጂደብልዩ ተራው «ሚንጂደብልዩ32»፣ ቀጥሎ «ኤስዲኤል2ሜይን»፣ ቀጥሎ «ኤስዲኤል2» ነው፤ መጠቅለያው ከእነዚህ ይቀድማል። ዋናው ፋንክሽን የቁጥር እና የጽሑፍ ዝርዝር ሁለቱን መለኪያዎች መቀበል አለበት፤ ባዶ ቅንፍ ያለው በሊነክስ ያልፋል፣ እዚህ አያልፍም።

ሁለተኛው ፋይሎቹን ማጓጓዝ ነው። ዲኤልኤሎቹ (የዊንዶውስ የላይብረሪ ፋይሎች) ከፕሮግራሙ ጎን ይቀመጣሉ፤ ከአጋሮቹ ጋር የሚመጡት የኮዴክ ዲኤልኤሎች ይረሳሉ፣ ሲረሱ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ አንድ ዓይነት ፋይል ብቻ አይከፈትም። ሁሉም 64 ቢት ወይም ሁሉም 32 ቢት መሆን አለባቸው። ምስልና ድምፅም ፕሮግራሙ ካለበት ፎልደር አንጻር መፈለግ አለባቸው፤ ከአቋራጭ ሲነሳ የሥራ ፎልደሩ ሌላ ነው። ኤስዲኤል የፕሮግራሙን ፎልደር የሚሰጥ ፋንክሽን አለው፤ በኤስዲኤል2 የሚመልሰው ጽሑፍ በኤስዲኤል መልቀቂያ መለቀቅ አለበት።

ወደ ኤስዲኤል3 ለመሄድ ለሚያስብ ይህ መጠቅለያ እንዳለ አይወስድም። በኤስዲኤል2 ዜሮ መሳካት ነበር፤ በኤስዲኤል3 ብዙዎቹ ፋንክሽኖች እውነት ወይም ሐሰት ይመልሳሉ፣ የተሳካው እውነት ነው። በመጠቅለያው ውስጥ ያለው «ከዜሮ የተለየ ከሆነ ወርውር» የሚል ፍተሻ ሁሉ ይገለበጣል። ብዙ ስሞችም ተቀይረዋል፣ የስዕል መጋጠሚያዎቹ ደግሞ ወደ ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ዞረዋል።

የመጨረሻው መረብ

ዋናው ፋንክሽን ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ የመሞከሪያ ብሎክ ውስጥ ተቀምጧል። ይህ ለውበት አይደለም። ማንም ያልያዘው ኤክሴፕሽን ፕሮግራሙን ሲያቋርጥ ሲ++ ዲስትራክተሮቹን ለመጥራት አይገደድም፤ ፕሮግራሙ የስክሪኑን ጥራት ቀይሮ ሙሉ ስክሪን ላይ ሳለ ቢቋረጥ ስክሪኑ በተቀየረው ጥራት ሊቀር ይችላል። የሚይዝ ብሎክ ካለ ግን መጀመሪያ ኦብጀክቶቹ በተራቸው ይጠፋሉ፣ ስክሪኑ ይመለሳል፣ ከዚያ የመያዣው ኮድ ይሠራል። በዚያ ሰዓት መስኮት የለም፣ ኤስዲኤልም ተዘግቷል፤ የኤስዲኤል ቀላል መልእክት ሳጥን ግን ኤስዲኤል ሳይጀመርም ሊጠራ ይችላል። በባለቤት መስኮቱ ቦታ ባዶ ፖይንተር ይሰጠዋል፤ በጽሑፉ ቦታ የከሸፈው ፋንክሽን ስም እና የኤስዲኤል ስህተት ይገባሉ። ፎንቱ ሳይገኝ ሲቀር ተጠቃሚው አሁን የሚያየው ያንን ሳጥን ነው።